ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ፦ የተሸወዱት የጠፈር ሸዋጆች

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቱም ላይ ቡናና ማር ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር የገባበትን ማር ቀምሰው፣ በደንብ ያልደረቀውን ቡና በጥርሳቸው ነክሰው ይለያሉ። «እኔን የሚሸውድ ገና አልተወለደም» የምትል አባባልም ነበረቻቸው።

አንድ ቀን ታዲያ ስልካቸው ጮኸ። ደዋዩ ትሑት ነው። «አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ቁጥርዎ የሽልማት ዕጣ ወጥቶለታል» አላቸው። ሽልማቱ የሚላከው ግን የሞባይል ካርድ ገዝተው ቁጥሩን ካነበቡለት ብቻ ነው፤ እሱም አሁኑኑ፣ ስልኩ ሳይዘጋ። አባቴ አንዱን ካርድ ፍቀው አነበቡለት፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ስልኩ ሲዘጋ ሽልማቱም አብሮ ተዘጋ።

እኛን ያሳዘነን የካርዱ ዋጋ አይደለም። አባቴ ይህን ነገር ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ሳይተነፍሱ መቆየታቸው ነው። በመጨረሻ የተናገሩትም ጠይቀናቸው ሳይሆን አብረውን ሲስቁ ነው። ያሳቀን ደግሞ ከ80 ዓመት በፊት የታተመ የጠፈር አጭበርባሪዎች ታሪክ ነበር።

አምስት ባኮ ለአንድ ብርጭቆ ውኃ

በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከርካሽ ወረቀት የሚሠሩ፣ በሽፋናቸው ላይ ሮኬትና ጭራቅ የሚሳልባቸው የልብወለድ መጽሔቶች በሳንቲም ይሸጡ ነበር። ስማቸውም «ፐልፕ» ነው፤ የወረቀቱን ርካሽነት ለማመልከት የወጣ ስም። ከመካከላቸው «ፕላኔት ስቶሪስ» የተባለው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1943፣ በእኛ 1935 ዓ.ም፣ የኤች. ኤል. ጎልድን አንድ አጭር ታሪክ አወጣ። አገራችን ጣሊያንን ካስወጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። ደራሲው ከሰባት ዓመት በኋላ «ጋላክሲ» የተባለውን ስመ ጥር የሳይንሳዊ ልብወለድ መጽሔት የመሠረተ ሰው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሃርቪና ጆ የተባሉ ሁለት ጮሌዎች በጠፈር መርከብ ከዓለም ዓለም እየዞሩ የማይፈውስ መድኃኒት ይሸጣሉ። አንድ ቀን ጉሮሯቸው በጥም ደርቆ ከአንዲት ሩቅ የጠፈር ዐለት ላይ ያርፋሉ። እዚያ ያለው አንድ መጠጥ ቤት ነው። ባለቤቱ ጆንሰን ደግሞ የከተማዋ ከንቲባም እሱው ነው። ሁለቱ ሰዎች ዋጋ ሳይጠይቁ ውኃውን ይጨልጡታል። ጠጥተው ሲጨርሱ ሒሳቡ ይመጣል፦ አንዱ ብርጭቆ አምስት ባኮ! (የስኳሩ ባኮ እንዳይመስላችሁ፤ የጠፈሩ ገንዘብ ስሙ ነው።)

ሃርቪና ጆ ይህን ማካካስ አለባቸው። ጆ በጽኑ የታመመ መስሎ ይወድቃል፤ ሃርቪ ያቺን ተአምረኛ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ጆ «ይድናል»። ጆንሰንም በሽታውን ፈርቶ መድኃኒቱን ይገዛል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሸዋጅ ሸዋጅን ሲሸውድ የሚታይበት ነው። እነዚያ «ማንም አይቀድመንም» ያሉት ሁለቱ ጮሌዎች፣ ከአንድ የገጠር ባለ መጠጥ ቤት ፊት ተማሪ ሆነው ይገኛሉ።

ይህን ታሪክ ቡና እየተፈላ ለልጆቹ ስተርክላቸው ልጆቹ ከሳቃቸው ብዛት ፈንዲሻውን በተኑት። አባቴም ሳቁ። «ይቺ ዐለትማ የኛዋን ቱም ትመስላለች» አሉ፤ ድሮ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ሲያርፍ ሰው ሁሉ «ማን መጣ? ምን ይዞ መጣ?» እያለ ይወጣ እንደነበር አስታውሰው። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀመጡና ዝም አሉ። «እኔም አምስት ባኮ ከፍያለሁ» አሉን። የካርዱን ነገር የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ብልጡ የሚያዘው በየት በኩል ነው?

አያቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። በማሪያ ቴሬዛ ብር ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፣ ብሩን ከመቀበላቸው በፊት በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ በዓይናቸው ይመረምሩ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ማየትማ አይጠቅምም፤ መቼም ይመታ መቼ፣ ብሩ ላይ ያለው ቁጥር ያው 1780 ነውና። የተፋቀና ያጠራጠረ ብር ይመለሳል። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ግን ጊዜ ነው። አጭበርባሪ መጀመሪያ የሚነጥቀንም ገንዘባችንን ሳይሆን ጊዜያችንን ነው። ሃርቪና ጆን ጥሙ አስቸኮላቸው፤ አባቴን «አሁኑኑ» የምትለዋ ቃል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለዚህ ነው።

ወርቅም እንዲሁ ነው። በ2000 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ «ወርቅ» ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ መመለሱ አገር ያወቀው ወሬ ነው። ብረት በመጠን እኩል ከሆነ የወርቅ ጡብ ከግማሽ በታች ነው የሚመዝነው። ሚዛንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃ ነበር። ባንክ ከተሸወደ፣ መንገድ ላይ «ስንቆፍር አገኘነው፣ በርካሽ እንሽጥልዎት» የሚባል ሰው ቢሸወድ ምን ይገርማል?

የጠፈሩም ማጭበርበር ከልብወለድ አልፎ መሬት ወርዷል። ዴኒስ ሆፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የጨረቃን መሬት በቁራሽ እየሸነሸነ «የባለቤትነት ወረቀት» ሲሸጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ግን የትኛውም አገር ጨረቃን የራሱ ሊያደርግ አይችልም ይላል።

ያሳፈረው ዝም ሲል

ከሁሉም የሚያስተምረኝ የቪክቶር ሉስቲግ ነገር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ውስጥ ራሱን የመንግሥት ባለሥልጣን አስመስሎ፣ የኤፍል ግንብ ሊፈርስ ነው ብሎ ብረቱን ለአንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ «ሸጠለት»። ነጋዴው መታለሉን ሲያውቅ አፍሮ ለፖሊስ ሳይናገር ቀረ። ሉስቲግስ ምን አደረገ? ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ መጣና ያንኑ ግንብ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ሞከረ!

የአባቴም ስምንት ወር ዝምታ ይኸው ነው። ያ ደዋይ በእነዚያ ወራት ስንት አባባና እማማ ጋ ደውሎ ይሆን? እነሱም ዝም ብለው ይሆናል። አንድ አዛውንት ሲታለሉ እኛ ልጆች ቶሎ የምንለው «እንዴት ያምኑታል?» ነው። ይህች ጥያቄ ናት አፋቸውን የምትዘጋው። «እኛም እኮ ተሸውደን እናውቃለን» ብንል ግን ይከፈታል። እኔ የራሴን ነገርኳቸው፤ ባለቤቴም የራሷን። ልጆቹም ትምህርት ቤት በብስኩት ስለተሸወዱት አወሩ።

ዛሬ ቤታችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ስለ ገንዘብ የሚያስቸኩል ስልክ ሲመጣ ይዘጋል፤ ከዚያ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ውሳኔው ከቡና በኋላ ነው። የሚያስታውሱን ልጆቹ ናቸው። አባቴ ስልክ አንስተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ እንደሆነ፣ ትንሿ ልጄ ከጓዳ ትጮኻለች፦

«አያያ! ብርጭቆው ስንት ነው?»

አባቴም እየሳቁ ስልኩን ይዘጉታል።