የሚመጣው ጌታና የተያዘ ደመወዝ (ሚልክያስ 3፥1-5)



ስለ መሲሑ የተነገረ ትንቢት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የቤተ ልሔም ነገር ወይም ኢሳይያስ 53 ነው። ሚልክያስን የምንከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አሥራት ሲሰበክ ነው። ግን እዚያው ምዕራፍ 3 ላይ፣ አሥራት ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ ስለሚመጣው ጌታ የተነገረ ትንቢት አለ። በውስጡ የሠራተኛ ደመወዝ ተጠቅሷል።

ዘመኑ ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሰ በኋላ ነው። ቤተ መቅደሱ እንደ ገና ተሠርቷል፣ የጠበቁት ክብር ግን አልመጣም። ክፉ የሚሠራው ሲደላው አዩና ፈራጁ እግዚአብሔር የት ሄደ አሉ (2፥17)። ስድስት ወር ደመወዟን ይዘውባት «ቡክራ፣ ቡክራ» እየተባለች ያለች እህትም ይህንኑ ትጠይቃለች።

የእግዚአብሔር መልስ 3፥1 ላይ ነው። መንገድ የሚጠርግ መልእክተኛ ይቀድማል፤ ከዚያ ሲፈልጉት የነበረው ጌታ በድንገት ወደ መቅደሱ ይመጣል። መልእክተኛው መጥምቁ ዮሐንስ መሆኑን ጌታ ኢየሱስ ራሱ ተናግሯል (ማቴ. 11፥10)። ስለዚህ ተስፋው መፈጸም ጀምሯል።

ቁጥር 2 ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። የሚመጣው ጌታ እንደ አንጥረኛ እሳት፣ እንደ ልብስ አጣቢ ሳሙና ነው ይላል። ሳሙናውን ለእኛ ማብራራት አያስፈልግም፣ እጃችን ያውቀዋል። (ያኔ ኦሞ የለ፣ ማሽን የለ፤ ከተክል አመድ በሚወጣ ነገር ልብሱን እየረገጡ ነበር የሚያጥቡት።) እጥበቱ ከማን እንደሚጀምር ደግሞ እዩ። ከአሰሪዎች ሳይሆን ከሌዊ ልጆች፣ ከመቅደሱ አገልጋዮች ነው (3፥3)።

ቁጥር 5 ላይ እግዚአብሔር ራሱን ፈጣን ምስክር ያደርጋል። ከጠንቋዩ፣ ከአመንዝራውና በሐሰት ከሚምለው ጋር የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀረውንና የመጻተኛውን መብት የሚገፋውን አንድ ላይ ይቆጥራል። ሠራተኛም መጻተኛም እኛው ነን። ሕጉም የቆየ ነው፤ ዘዳግም 24፥14-15 የድሀ ሠራተኛ ሒሳብ፣ ወገንም ይሁን መጻተኛ፣ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈለው ይላል። ያልተከፈለሽን ወር አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትቆጥሪው።

ግን «ማዳም ይህን ባነበበች» ከማለታችን በፊት እርስ በርሳችን እንተያይ። አዲስ የመጣችውን ልጅ ከኪራይ ድርሻዋ በላይ የምታስከፍል፣ የእቁብ ብር ይዛ ስልኳን የምታጠፋ፣ ከአገር ቤት ሰው አስመጥቶ ላቡን የሚበላ ደላላ፣ መዝሙር ቢመራም እንኳ፣ ያው ቁጥር 5 ውስጥ ነው።

ታዲያ ፍርዱ ለምን ይዘገያል? ጌታ በናዝሬት ምኩራብ ኢሳይያስ 61ን ሲያነብ ስለ ጌታ የሞገስ ዓመት የሚለው ጋ ሲደርስ መጽሐፉን ዘጋ (ሉቃ. 4፥19-20)። በኢሳይያስ ላይ ወዲያው የሚከተለው ስለ በቀል ቀን የሚናገረው ነው። እሱን አላነበበም። ብዙ አስተማሪዎች ያ ቀን ለዳግም ምጽአቱ ቆይቷል ይላሉ፣ እኔም እንደዚያው እረዳዋለሁ። እስከዚያ የንስሐ በር ክፍት ነው፣ ለአሰሪዋም ለእኛም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ትንቢት ደመወዝሽ በሚመጣው ወር ይገባል አይልም። እንዲያ ብሎ የሚተነብይልሽ ካለ፣ በተለይ ቀድሞ መባ ከጠየቀሽ፣ ራቂው። ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብለሽ ዝም በዪም አይልም፤ ያዕቆብ 5፥4 የተያዘው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። የሠራሽበትን ወርና የተቀበልሽውን ገንዘብ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ውልሽን ፎቶ አንሺና ለምታምኛት እህት ላኪ።

ለሚቀጥለው ጥናት ምዕራፍ 4ን አንብባችሁ ኑ፤ አጭር ነው። ልጆቻችሁን አገር ቤት ትታችሁ የመጣችሁ ቁጥር 6ን ደግማችሁ አንብቡት፣ ከእሱ እንጀምራለን።