ለአደን ስንት ፓውንድ ቀስት ይበቃል?

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች አጋዘንን በቀስት ማደን የሚፈቀደው ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ወቅቱ ሲቃረብ ቀስት ሊገዛ የሚነሣ ሰው ከሚወስናቸው ነገሮች ሁሉ የሚከብደው የመሳቢያ ኃይሉ ነው፤ ይኸውም አውታሩን እስከ መጨረሻው ለመሳብ ጀርባውና ክንዱ የሚሸከሙት ጫና ሲሆን፣ የሚለካውም በፓውንድ ነው። ለትልልቅ እንስሳት አደን የሚሸጡት ቀስቶች በአብዛኛው ከ40 እስከ 70 ፓውንድ ናቸው። ሰባ ፓውንድ ማለት ወደ 32 ኪሎ ነው። ብዙ ጀማሪ፣ በተለይም በጉልበቱ የሚተማመን ወጣት፣ የሚችለውን ከባዱን ይገዛል፤ ከባድ ቀስት አስተማማኝ ይመስለዋል። እኔ የምሟገተው ለሌላ መለኪያ ነው። ለአዳኝ የሚስማማው ቀስት በብርድ ደርቆ፣ ተቀምጦ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ ቀስ ብሎና ድምፅ ሳያሰማ ሊስበው የሚችለው ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንድ ጊዜ የሳበው ክብደት ጫካ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የሚነግረው ጥቂት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ፍላጻ ከሚገድልበት መንገድ ነው። የጠመንጃ ጥይት በፍጥነቱ ሥጋና አጥንት ያደቃል፤ ፍላጻ ግን የሚገድለው በመቁረጥ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ስለት ሳንባን፣ ልብን ወይም ትላልቅ የደም ሥሮችን ይበጥሳል፣ እንስሳው ደሙ ፈስሶ ይወድቃል። ስለታም ፍላጻ ሁለቱን ሳንባዎች ካለፈ አጋዘኑ ብዙም ሳይርቅ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ያው ፍላጻ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሄዶ ሆድ ውስጥ ከገባ ግን እንስሳው ለሰዓታት ይሠቃያል፤ ዱካው ጠፍቶ ሳይገኝ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። በዚያች አንድ ስንዝር ላይ ተጨማሪ አሥር ፓውንድ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሆድ የመታ ፍላጻ በ50 ፓውንድ ተወረወረ በ70፣ ያው ሆድ መምታት ነው። ስለዚህ የኃይል ጥያቄ መቅረብ ያለበት ከዒላማ ጥያቄ ቀጥሎ ነው፤ ቦታውን በትክክል ለመታ ፍላጻ ምን ያህል ኃይል ይበቃዋል?

መልሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። የታወቀው የፍላጻ አምራች ኢስተን ለአዳኞች ሲያሠራጭ የቆየው ሠንጠረዥ፣ የጉልበት መለኪያ ወደ ሆነው ጁል ሲመለስ፣ ለአጋዘን መጠን እንስሳት ከ34 እስከ 56፣ ኤልክ ለሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘርና ለጥቁር ድብ ደግሞ ከ57 እስከ 88 ጁል ያህል ይመክራል። አሁን አንድ 50 ፓውንድ የሆነ ዘመናዊ ቀስት እንውሰድ። 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 70 ሜትር ያህል ቢያስወነጭፍ ፍላጻው 64 ጁል ገደማ ይዞ ይወጣል። ብዙዎች የሴትና የልጅ ነው ብለው የሚንቁት ቀስት ለአጋዘን ከሚፈለገው ያለፈ ጉልበት አለው ማለት ነው። እርግጥ ጁል ብቻውን ስለ ፍላጻ ሁሉን አይናገርም። ከአንድ ቀስት የወጡ ሁለት ፍላጻዎች ቢወዳደሩ ከበድ ያለው በፍጥነት ቢያንስም ሥጋ ውስጥ ጠልቆ በመግባት ይበልጣል፤ ቀስቱም ድምፁ ይቀንሳል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ናታል የፍላጻን ጥልቀት በታደኑ እንስሳት ላይ የመረመረው ኤድ አሽቢም ያተኮረው በፍላጻው ክብደት፣ በጥንካሬውና በስለቱ አሳሳል ላይ ነበር። ቀስቱን ማክበድ ያቃተው አዳኝ ፍላጻውን ማክበድና ስለቱን መሳል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ትከሻ አያስከፍልም።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ሆኖ የሚታየኝ የኢሺ ታሪክ ነው። ኢሺ የካሊፎርኒያው የያሂ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው ነበር፤ ወገኖቹ ካለቁ በኋላ በ1911 እ.ኤ.አ. ኦሮቪል ከተማ አጠገብ ብቻውን ተገኘ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1916 ድረስም በሳን ፍራንሲስኮ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ኖረ። ሐኪሙ ሳክስተን ፖፕ ቀስት መሥራትንና ማደንን ከእርሱ ተማረ፣ ያየውንም በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ አሰፈረ፤ የዛሬው የአሜሪካ የቀስት አደን ከሞላ ጎደል ከዚያ ወዳጅነት የበቀለ ነው። የኢሺ የአደን ቀስት ኃይሉ 45 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በአደን የኖረ ሰው ከዚህ የከበደ ቀስት መሥራት አቅቶት አይመስለኝም። የተያዘች ጥንቸል የምታሰማውን ጩኸት እያስመሰለ እንስሳትን ወደ ራሱ ይጠራ ነበር፤ ነፋሱን እያየ ይጠጋ ነበር፤ ፍላጻውንም ከባልጩት በተጠረበ እንደ ምላጭ በሚቆርጥ ጫፍ ያበጅ ነበር። ኃይል ሊሸፍነው የሚችለውን ክፍተት በቅርበትና በስለት ሸፍኖታል።

ከአቅም በላይ የሆነ ቀስት የያዘ አዳኝ በምን ይታወቃል? ሊስብ ሲል ቀስቱን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ወገቡን ወደ ኋላ ይለምጣል፣ ከዚያ በክብደቱ እየተጎተተ ወደ ዒላማው ያወርዳል። ሜዳ ላይ ይህ የአሳሳብ ጉድለት ብቻ ነው። አጋዘን ፊት ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከሃያ እርምጃ ላይ ያለ አጋዘን ቅጠል ሲነቃነቅ የሚያይ እንስሳ ነውና። ሁለተኛው ምልክት ችኮላ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ስለሚጀምር ዓይኑ ሳይረጋ፣ አውታሩም የተለመደው የጉንጩ ቦታ ሳይደርስ ይለቃል፤ ልማዱ ሲሰነብት ቀስቱ ቢቀልለትም የማይተወው የመጣደፍ አባዜ ይሆናል። ሦስተኛው የትከሻ ሕመም ነው፤ የትከሻን መጋጠሚያ አቅፈው የያዙት ጅማቶች አንዴ ከተጎዱ ለመዳን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። አቅምን ለመለካት ቀላል መፈተሻ አለ። ሰውነት ሳይሟሟቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግርን ከመሬት አንሥቶ፣ ቀስቱን ቀጥታ ወደ ዒላማው አነጣጥሮ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያወዛውዙ መሳብ ነው። ይህ ካልተቻለ ቀስቱ ከብዷል። ጫፎቹ ላይ ጎማ ባለው በኮምፓውንድ ቀስት ደግሞ ከሳቡ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝና ያኔም አነጣጥሮ መልቀቅ መቻል አለበት፤ አጋዘኑ ከዛፍ ጀርባ እስኪወጣ መጠበቅ የተለመደ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው መከራከሪያ የኮምፓውንድ ቀስት ሥሪት ነው። የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን በ1969 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ቀስት በጫፎቹ ላይ ባሉት ሞላላ ጎማዎች አማካይነት አውታሩ ኋላ ሲደርስ ጫናውን ያቀላል። ሰማንያ በመቶ የሚያቀል 70 ፓውንድ ቀስት ተስቦ ሲያበቃ በእጅ ላይ የሚቀረው 14 ፓውንድ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያስቸግራል? የሚያስቸግረው ከማቅለያው በፊት ያለው ጉዞ ነው። 70ውን ሳያልፉ 14ቱ ጋ አይደረስም፤ እንስሳውን የሚያስበረግገው ትግል የሚታየውም እዚያው መሐል ላይ ነው። ጫናው ሲቀልል የሚገኘው ጥቅም የመያዝ ጥቅም ነው፤ የመሳብን ሸክም አያነሣም።

ሌላው መከራከሪያ ፍጥነት ነው፤ አጋዘን የአውታሩን ድምፅ ሰምቶ ስለሚያጎነብስ ፈጣን ፍላጻ ያስፈልጋል ይባላል። ማጎነበሱ እውነት ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 18 ሜትር ላይ ላለ አጋዘን በአምስት መቶኛ ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። በሰከንድ 79 ሜትር የሚሄድ ፍላጻ እዚያ ለመድረስ 0.228 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 85 ሜትር የሚሄደው 0.212። ልዩነቱ ከሁለት መቶኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ሁለቱም ፍላጻዎች ከድምፁ ኋላ ናቸው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀስቱን ጸጥ ማድረግ፣ መጠጋትና ያልደነገጠ እንስሳ ላይ ብቻ መልቀቅ ነው።

የከባድ ቀስት ወዳጆች ታሪክንም ይጠቅሳሉ። በ1545 እ.ኤ.አ. ሰጥማ በ1982 ከባሕር ከወጣችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከሜሪ ሮዝ የተገኙት ቀስቶች ኃይላቸው ከ100 እስከ 185 ፓውንድ ይገመታል። ያን የሳቡ ሰዎች ግን ከልጅነት ጀምሮ የሠለጠኑ ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገር ወንዶች በበዓል ቀን ቀስት እንዲለማመዱ በ1363 በንጉሥ ትእዛዝ ተደንግጎ ነበር። በመርከቧ ውስጥ በተገኙት አጽሞች ላይ ሳይጋጠም የቀረ የትከሻ አጥንት ጫፍ ከተለመደው በዝቶ ታይቷል፤ ተመራማሪዎችም ይህን ከልጅነት የቀስት ልምምድ ጋር አያይዘውታል። ዓላማቸውም ሌላ ነበር፤ የጦር ልብስ የለበሰ ሠራዊት ላይ ከሩቅ ማዝነብ። የዘመኑ አዳኝ ጎድን አጥንት ሥር ያለ ሳንባን ከቅርብ የሚፈልግ ሰው ነው።

የሚገባው መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው፤ የእንስሳው ግዝፈት። የአላስካ ሕግ ለጥቁር ጅራት አጋዘንና ካሪቡ ለሚባለው የሰሜን አጋዘን ቢያንስ 40፣ ሙስ ለሚባለው እጅግ ግዙፍ የአጋዘን ዘር፣ ለአሜሪካ ጎሽና ለቡናማ ድብ ቢያንስ 50 ፓውንድ ይጠይቃል፤ ይህም ትክክል ነው፣ የሙስ ደረት ወፍራም ነውና። እንዲህ ላለ አደን የሚዘጋጅ ሰው ጉልበቱን መገንባት አለበት፤ ካልደረሰበት ግን ያንን እንስሳ መተው እንጂ የማይችለውን ቀስት ይዞ መውጣት መፍትሔ አይሆንም። በርካታ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ኮሎራዶና ሚኔሶታ ዝቅተኛውን ልክ በ35 እና በ30 ፓውንድ ወስነዋል፤ እነዚህ ቁጥሮች ስለሚሻሻሉ የዓመቱን የአደን ደንብ ማየት ግድ ነው።

ሱቅ ለሚገባ ሰው፦ ኮምፓውንድ ቀስት ክንፎቹን የያዙትን ብሎኖች በማላላትና በማጥበቅ ብዙውን ጊዜ በአሥር ፓውንድ ያህል ይስተካከላል፤ ስለዚህ ከ50 እስከ 60 የሚሆነውን ገዝቶ ከታች መጀመር ይቻላል። በባሕላዊው ቀስትና ጫፎቹ ወደ ፊት በታጠፉት በሪከርቭ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ ያለውን ኃይል ያመለክታል። ክንደ ረጅም ሰው 30 ኢንች ቢስብ በየኢንቹ ሁለትና ሦስት ፓውንድ ይጨምርበታል፤ 45 ብሎ የገዛው እጁ ላይ 50 ሆኖ ያገኘዋል። ማቅለያም ስለሌለው ለእርሱ ከኮምፓውንዱ ዝቅ ያለ ቁጥር መምረጥ ይገባል። ጭማሪው በሁለት ሁለት ፓውንድ፣ በሳምንታት ልዩነት ቢሆን ጡንቻው ይከተላል፤ የአደን ወቅት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጨመር ግን የለመደውን አነጣጠር ማበላሸት ነው። ኃይሉ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ የፍላጻው ግትርነት መታየት አለበት፤ ለቀስቱ የላላ ወይም የደረቀ ፍላጻ እየተወዛወዘ ሄዶ በአግድም ስለሚመታ ያለውን ጉልበት ከመግባቱ በፊት ያባክናል።

አንዳንዱ ሰው ግን በዕድሜ፣ በትከሻ ጉዳት ወይም ገና ልጅ በመሆኑ ሕጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ልክ እንኳ ሳይታገል መሳብ አይችልም። ለልጁ መልሱ አንድ ዓመት ዒላማ ላይ እየተለማመደ መቆየት ነው። ትከሻው ለተጎዳ ሰው በብዙ ግዛቶች በመሣሪያ ተስቦ የሚቆለፈውን ክሮስቦው መጠቀም ይፈቀዳል፤ አንዳንዱ ግዛት ለሁሉም፣ አንዳንዱ በሐኪም ማስረጃ ብቻ፤ ፈቃዱም የሚጠየቀው ከግዛቱ የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ነው።