ስኳር በምን ይተካ?



«ስኳር አለብሽ ተባልኩ፤ እንግዲህ ቡናዬን በምን ላጣፍጥ?» የሚል ጥያቄ ዛሬ በብዙ ቤት ይነሳል። እስቲ አብረን እንየው።

በሮቢትና በቆቦ ቆላ ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ሲኒ ይጠጣል። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብንጨምር፣ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነውና በአንድ ቡና ብቻ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ቢቻል በቀን 25 ግራም ገደማ ይበቃል ይላል። ቡናው ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ አይፈላም።

ብዙ እናቶች «ስኳሩን ትቼ ማር እጨምራለሁ» ይላሉ። ማር መድኃኒትነት እንዳለው በሱረቱ ነሕል ተወስቷል፤ እናምንበታለን። ነገር ግን መድኃኒትም መጠን አለው። የማር አብዛኛው ክፍል ስኳር ነው፤ ከባድ ስለሆነም አንድ ማንኪያ ማር ከአንድ ማንኪያ ስኳር የበለጠ ስኳር ይይዛል። ቴምርም እንዲሁ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

ከመድኃኒት ቤት የሚገኙት ሳካሪን፣ አስፓርቴም፣ ሱክራሎዝና ስቴቪያ በጥቂቱ ስለሚያጣፍጡ የደም ስኳርን አይጨምሩም። ይሁንና ሕመሙን አያድኑም፤ እንጀራውንና ዳቦውን ያለ ልክ ለመብላትም ፈቃድ አይሰጡም። ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ የትውልድ ሕመም ያለበት ሰው አስፓርቴም አይወስድም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማንኪያውን በየሳምንቱ እየቀነሱ ምላስን ማስለመድ ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ያለበት ሻይ ጣፋጭ ባይሆንም ይጣፍጣል።

አሁን ዋናውን አደራ እንስማ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። ያኔ የስኳር ምትክ ፈጽሞ አይጠቅምም! ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር በውኃ በጥብጠን እናጠጣው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው እንድገምለት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳናደርግ ፈጥነን ወደ ሐኪም እንውሰደው። ስለዚህ ስኳሩን ከቤት ጨርሰን አናጥፋው።

በረመዳንም ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ማፍረስ እንደሚገባ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ሸሪዓችንም ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ለማስተካከል ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ማማከር ያሻል። በኢፍጣር ጊዜ አንድ ቴምር ይበቃል፤ ከዚያ ውኃ እንጂ ለስላሳ አይሁን።

ሰውነታችን አላህ የሰጠን አማና ነው። አላህ ለታመሙት ሽፋእ፣ ለአስታማሚዎች ሶብር ይስጥልን። አሚን።