የብየዳ ማሽን ከመግዛት በፊት፦ በትንሽ በጀት የቤት ወርክሾፕ ማደራጀት

የብየዳ ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊመረምረው የሚገባው የመደብሩን ማስታወቂያ ሳይሆን የገዛ ቤቱን የኤሌክትሪክ ሶኬት ነው። በማሽኑ ጎን ላይ በትልቁ «200 አምፔር» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር እውን የሚሆነው ከግድግዳው የሚወጣው ኃይል ከፈቀደ ብቻ ነው። ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው፣ ገና ብየዳውን እንደ ጀመረ ብሬከሩ እየወረደ መብራት ሲጠፋበት ማሽኑን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የማሽኑ ሳይሆን የስሌቱ ነው።

በውጭ አገር ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል የጋራዣቸውን ጥግ ወደ ትንሽ ወርክሾፕ የሚለውጡ አሉ። የአጥር በር፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ የምጣድ መቀመጫ ወይም የጓሮ ጠረጴዛ በገዛ እጅ መሥራት ወጪን ይቀንሳል፤ ሙያም ያስተምራል። ሌሎች ደግሞ አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እኅት መተዳደሪያ እንዲሆን ማሽን ገዝተው ለመላክ ያስባሉ። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሱኑ ገንዘብ በየትኛው ዕቃ ላይ ቢውል ይሻላል? መልሱን ለማግኘት ብየዳ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ይጠቅማል።

ብረትን የሚያቀልጠው ኃይል

የኤሌክትሪክ ብየዳ መሠረቱ አርክ ነው። የኤሌክትሮዱ ጫፍ ብረቱን ነክቶ ጥቂት ሚሊሜትር ሲርቅ ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ዘሎ ያልፋል፤ በክፍተቱ ውስጥ ያለው ጋዝም ግሎ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ይሆናል። የዚህ ብልጭታ ሙቀት ከ5,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ተራ የግንባታ ብረት ደግሞ በ1,500 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ የሁለቱ ብረቶች ጫፎች ቀልጠው ይቀላቀላሉ፤ ኤሌክትሮዱም አብሮ እየቀለጠ ክፍተቱን ይሞላል። ሲቀዘቅዙ አንድ አካል ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ የቀለጠ ብረት ከአየር ጋር አይስማማም። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሲገቡበት ብየዳው ቀዳዳ የበዛበትና ተሰባሪ ይሆናል። በ1904 በስዊድን ኤሳብ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ኦስካር ሼልቤርግ ኤሌክትሮዱን በልዩ ንጥረ ነገር በመሸፈን ለዚህ ችግር መፍትሔ አበጀ። ሽፋኑ ሲቃጠል መከላከያ ጋዝ ያመነጫል፤ በብየዳው ላይም እንደ ቅርፊት ጠንክሮ ይሸፍነዋል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የብየዳ ዓይነቶች በዋናነት የሚለያዩት የቀለጠውን ብረት ከአየር በሚከላከሉበት መንገድ ነው።

የሶኬቱ ስሌት

ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሰጣል። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን ብሬከሩ 15 ወይም 20 አምፔር ነው። የ15 አምፔሩ መስመር የሚሰጠው 1,800 ዋት ብቻ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ከዚህ አንድ አምስተኛ ያህሉን በሙቀት መልክ ቢያባክን ለአርኩ 1,440 ዋት ይተርፋል። በብየዳ ጊዜ በአርኩ ላይ ያለው ቮልቴጅ 22 ገደማ ስለሆነ፣ 1,440 ለ22 ሲካፈል 65 አምፔር አካባቢ ይገኛል። 15 አምፔር ገብቶ 65 መውጣቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ምክንያቱ ማሽኑ ቮልቱን ዝቅ እያደረገ አምፔሩን ከፍ ማድረጉ ነው። ከዚያ በላይ ግን ከዚህ ሶኬት ለረጅም ጊዜ መጠበቅ አይቻልም።

በአብዛኛው የአውሮፓ አህጉር የተለመደው 230 ቮልትና 16 አምፔር 3,680 ዋት ይሰጣል። ከማሽኑም ከ115 እስከ 120 አምፔር ሊወጣ ይችላል። በብሪታንያ የመሰኪያው ፊውዝ 13 አምፔር በመሆኑ ኃይሉ ወደ 3,000 ዋት ዝቅ ይላል። በአሜሪካም ቢሆን ለልብስ ማድረቂያ ወይም ለምድጃ የተዘረጋ የ240 ቮልት መስመር ያለው ቤት ከዚህ ጭንቀት ነጻ ነው። አዲስ መስመር የመዘርጋቱ ሥራ ግን ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊተው ይገባል።

ታዲያ ስንት አምፔር ያስፈልጋል? በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር የብረት ውፍረት 40 አምፔር ገደማ ነው። ግድግዳው 2 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦላሬ ጠረጴዛ ለመሥራት 80 አምፔር፣ ለ3 ሚሊሜትር ብረት 120 አምፔር ይበቃል። ከዚያ የወፈረውን ብረት ጠርዙን በግራይንደር ሰያፍ አድርጎ፣ ብየዳውን በላይ በላዩ በመደራረብ መበየድ ይቻላል። የቤት ሥራ አብዛኛው ከ3 ሚሊሜትር በታች በመሆኑ 140 አምፔር የሚሰጥ ማሽን ለብዙዎች ከበቂ በላይ ነው።

የትኛው ዓይነት ማሽን?

በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው ቀዳሚው አማራጭ ባለ ኤሌክትሮዱ የኢንቨርተር ማሽን ነው። አሮጌው የትራንስፎርመር ማሽን ከባድ የነበረው የ50 ወይም የ60 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ብዙ መዳብና ብረት ያለው ትራንስፎርመር ስለሚፈልግ ነው። ኢንቨርተር ግን ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እንዲለዋወጥ ስለሚያደርገው ትራንስፎርመሩ በጣም ያንሳል። በዚህም የተነሣ ማሽኑ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ሆኗል። ኤሌክትሮዱን በተመለከተ ለጀማሪ የሚመከረው 2.5 ሚሊሜትሩ 6013 ነው፤ በቀላሉ ይለኮሳል፣ ለስስ ብረትም ይስማማል። 7018 የሚሰጠው ብየዳ የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ስለሚያበላሸው በደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው አማራጭ ውስጡ በዱቄት የተሞላ ሽቦ የሚጠቀመው ማሽን ነው። የጋዝ ሲሊንደር አያስፈልገውም፤ ነፋስ ባለበት ግቢም ይሠራል። ጭሱና ፍንጣሪው ግን ብዙ ነው። ሦስተኛው ሚግ ሲሆን የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ ይጠቀማል። ስስ ላሜራን ንጹሕ አድርጎ ለመበየድ የሚመረጠው ይህ ነው። ሆኖም የሲሊንደሩና የጋዙ ወጪ በማሽኑ ዋጋ ላይ መደመር አለበት። ቲግ የተባለው አራተኛው ዓይነት እጅግ ያማረ ብየዳ ቢሰጥም አዝጋሚ ነው፤ ረጅም ልምምድም ይጠይቃል። በእሱ አሉሚኒየም ለመበየድ ደግሞ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ማሽን ያስፈልጋል።

ማሽን ሲመረጥ ሊታይ የሚገባው ሌላው ነገር ዲዩቲ ሳይክል የሚባለው የሥራና የዕረፍት ምጣኔ ነው። በማሽኑ ሰሌዳ ላይ «20 በመቶ በ140 አምፔር» የሚል ከተገኘ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ደቂቃ ተሠርቶ 8 ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ለቤት ሥራ ይህ እምብዛም አያስቸግርም፤ ብረት መለካትና መቁረጥ ከመበየድ የበለጠ ጊዜ ይወስዳልና። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ለሚተዳደር ሰው ግን ይህ ቁጥር ከአምፔሩ እኩል ዋጋ አለው።

አሮጌ የሚገዛና አዲስ የሚገዛ

ጥሩ ብየዳ ከአርኩ በፊት ይጀምራል። ብረቱ በትክክል ካልተቆረጠ፣ ከዝገትና ከቀለም ካልጸዳ፣ ጸንቶ ካልተያዘ፣ ውዱ ማሽን አያድነውም። ስለዚህ ከማሽኑ ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው መሣሪያ 115 ወይም 125 ሚሊሜትሩ ግራይንደር ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ዲስክ ይቆርጣል፤ በሌላ ዲስክ ይሞርዳል፤ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል። ጥንካሬ ያለው ሞርሳ፣ ቢያንስ አራት ክላምፖች፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ መዶሻና የብረት መጋዝ ሲጨመሩ ወርክሾፑ ሥራ ሊጀምር ይችላል።

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚቆጥብ አንድ ቀላል መመሪያ አለ፤ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን አሮጌ፣ አካልን የሚጠብቀውን አዲስ መግዛት። አሮጌ ሞርሳ፣ መዶሻና ክላምፕ ካልተሰነጠቁ ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። የብየዳ ጭምብል፣ ጓንት፣ የመተንፈሻ ማጣሪያና የግራይንደር ዲስክ ግን አሮጌ አይገዙም። በአውሮፓ የሚሸጥ የመቁረጫ ዲስክ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው በመካከሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ይታተማል። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠንም ከግራይንደሩ ፍጥነት ማነስ የለበትም። የግራይንደሩን መከለያ መፍታት ደግሞ ተሰብሮ ለሚፈናጠር ዲስክ ፊትን አጋልጦ መስጠት ነው።

ዓይን፣ ሳንባና ቤት

አርኩ የሚያመነጨው አልትራቫዮሌት ጨረር የዓይንን የውጭ ሽፋን ያቃጥላል። ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ያሠቃያል። ተራ የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አያገለግልም። በ100 አምፔር አካባቢ ለሚሠራ ሰው የጥላ ደረጃው 10 ወይም 11 የሆነ ጭምብል ያስፈልጋል። በአቅራቢያ የሚቆሙ ልጆችም ከጨረሩ መከለል አለባቸው።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ስለሆነም ልባጡን አስቀድሞ ማንሣት፣ በር ከፍቶ መሥራትና ማጣሪያ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ከቶ አይበየድም፤ የአርኩ ጨረር ቅሪቱን ፎስጂን ወደ ተባለ መርዛማ ጋዝ ሊለውጠው ይችላልና።

ፍንጣሪ ከ10 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። የቤንዚን ጀሪካን፣ ካርቶንና ጨርቅ ካሉበት ጋራዥ ውስጥ መበየድ ቤትን ለእሳት መዳረግ ነው። እሳት ማጥፊያ ከአጠገብ መኖር አለበት፤ ከሥራ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቦታውን መጠበቅ ይገባል። ተከራይ ከሆኑ የአከራዩን ፈቃድና የቤቱን ኢንሹራንስ አስቀድሞ ማጣራት አስተዋይነት ነው። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል፣ የመኪና መጎተቻን ወይም የሰገነት መደገፊያን ጀማሪ ሊበይድ አይገባም። እንዲህ ያለው ብየዳ ቢለቅ የሚጎዳው ብረቱ ሳይሆን ሰው ነው።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ማሽን

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የተገዛ፣ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ማሽን ወይም ግራይንደር አዲስ አበባ ደርሶ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ «120/240» የሚል ሁለት ቮልቴጅ የሚቀበል መሆኑ ሳይረጋገጥ መግዛት አይገባም። በአውሮፓና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚሸጠው በቮልትም በኸርዝም ይስማማል። የሳዑዲ ዓረቢያ መስመር ግን እንደ አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው። ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ፍሰት ስለሚለውጥ ይህ ልዩነት አያስቸግረውም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ግን በ50 ኸርዝ ከልክ በላይ ይግላል።

ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ወይም ጀነሬተር በሚያገለግልበት ቦታ፣ ሰፊ የቮልቴጅ ክልል የሚቀበል ማሽን ተጨማሪ ዋጋው ያዋጣል። ማራዘሚያ ገመዱም ወፍራም መሆን አለበት፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይሉን በመንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ራሱም ይግላል። የጋዝ መሙያ በአቅራቢያ መኖሩ ካልተረጋገጠ ደግሞ ሚግ ከመላክ በኤሌክትሮድ የሚሠራውን መላክ ይመረጣል።

እንግዲህ የግዢው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱንና የብረቱን ውፍረት ማወቅ፤ ቀጥሎ ጭምብሉን፣ ጓንቱንና ማጣሪያውን፤ ከዚያ ግራይንደሩንና ሞርሳውን፤ በመጨረሻ ለእነዚህ ሁሉ የሚመጥነውን ማሽን መግዛት። ከተረፈው ገንዘብ ጥቂቱን ለኤሌክትሮድና ለቁርጥራጭ ብረት አውሎ ደጋግሞ መለማመድ፣ የተሠራውንም በመጋዝ ቆርጦ ውስጡ መያያዙን ማየት ትልቁን ማሽን ከመግዛት ይበልጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ብሂል ለበያጅም ይሠራል።