የሞያሌ ነፋስና የክሮኖሜትር ብስክሌት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚወርደው ታላቅ የንግድ መንገድ ድንበር የሚሻገረው በሞያሌ ነው። ከተማዪቱ በወዲህም በወዲያም የምትጠራው በአንድ ስም ሲሆን፣ በጋዜጣ የምትነሣው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ከብት ገበያ፣ ስለ ጉምሩክ፣ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ስለ ተመረቀው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ግን ሞያሌን የምናነሣት በሌላ ምክንያት፣ ይኸውም በብስክሌት ምክንያት ነው።

በ2003 የተጀመረውና ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የብስክሌት ጉዞ ኢትዮጵያን ተሰናብቶ ወደ ኬንያ የሚገባበት በር ሞያሌ ሆኖ ኖሯል። ጉዞው እሽቅድምድምም ያለበት ስለ ነበረ፣ ተሽቀዳዳሚዎቹ በአባይ በረሃ እያንዳንዳቸው በሰዓት እየተለኩ ዳገቱን የወጡበት ጊዜ አለ። ሰው ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር የሚታገልበትን እንዲህ ያለውን ውድድር የአስመራ ሰው ከጣልያንኛ ወስዶ ክሮኖሜትር ይለዋል።

በአባይ ዳገት ላይ የሚያደክመው የሰውዬውና የብስክሌቱ ክብደት ነው። ከሞያሌ በስተደቡብ ባለው ሜዳ ግን ጠላቱ ሌላ ነው። ቀድሞ በሞያሌና በማርሳቢት መካከል ያለው መንገድ ድንጋይና አቧራ ስለ ነበረ፣ ብስክሌተኛው ያስብ የነበረው ስለ ጎማው መቀደድ እንጂ ስለ ፍጥነት አልነበረም። በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ከተነጠፈ ወዲህ ግን መንገዱ ሲለሰልስ ነፋሱ ጌታ ሆነ።

ነፋሱም ተራ ነፋስ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋና በኬንያ ደጋ መካከል ባለው ዝቅተኛ ምድር ተጨምቆ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሮጥ፣ የአየር ጠባይ ሊቃውንት በቱርካና ስም የሚጠሩት የነፋስ ጅረት ነው። ኀይሉን ለመረዳት በማርሳቢት አውራጃ በሎይያንጋላኒ አካባቢ የቆሙትን፣ 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት ችሎታ ያላቸውን 365 የነፋስ መዘውሮች መመልከት ይበቃል። ሞያሌ ከዚያ ራቅ ያለች ናት፤ ይሁን እንጂ መንገዱ ከከተማዪቱ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም በቱርቢ በኩል ወደ ደቡብ ስለሚታጠፍ፣ ወደ ማርሳቢት የሚሄድ ብስክሌተኛ ነፋሱን የሚቀበለው በግራ ጎኑ ነው። አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አየር ባዶ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በብስክሌት ተቀምጦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ሐሳቡን ይለውጣል። በዚህ ፍጥነት በሜዳ ላይ ከሚያወጣው ጉልበት ከአምስት እጅ አራት ያህሉ አየርን በመግፋት ያልቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ፣ የሚያስፈልገው ኀይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አየሩን ከሚጋፈጠውም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሰውዬው ገላ እንጂ ብስክሌቱ አይደለም። በሞያሌ ከፍታ ባለው አየር አንድ ልምድ ያለው ተሽቀዳዳሚ በተለመደው አቀማመጥ በዚህ ፍጥነት አየሩን ለመግፋት ብቻ 230 ዋት ያህል ሲያወጣ፣ ክርኑን አጥብቦና ጀርባውን አስተኝቶ ቢቀመጥ 165 ዋት ያህል ይበቃዋል። በስሌት ሲታይ፣ አንድ ሰዓት ይፈጅበት የነበረውን 40 ኪሎ ሜትር በዚያው ጉልበት በ54 ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል ማለት ነው። በአንጻሩ ከብስክሌቱ ላይ አንድ ኪሎ ቢቀነስ በሜዳ የሚተርፈው ግማሽ ዋት ገደማ ነው። ስለ ብስክሌት ቅለት በየሱቁ የሚነገረውን ወሬ በዚህ ሚዛን መመዘን ይገባል፤ ደግሞም የዓለም ብስክሌት ማኅበር ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት ለውድድር አይቀበልም።

ለዚህ ነገር ከ1989 የፈረንሳይ ዙር የተሻለ ምስክር አይገኝም። በመጨረሻው ቀን ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር የክሮኖሜትር ውድድር ቀርቶ ሳለ፣ ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን አሜሪካዊውን ግሬግ ለሞንድን በ50 ሰከንድ ይመራው ነበር። ፊኞን በፊትም በኋላም የተደፈነ ቸርኬ አስገጥሞ፣ ግን በተለመደው ዐይነት መሪ፣ ራሱን ሳይሸፍን ቀረበ። ለሞንድ በመሪው ላይ ወደ ፊት የተዘረጋ የክርን መደገፊያ አስሮ፣ የሾለ ቆብ ደፍቶ ወጣ። በዚያ ቀን በ58 ሰከንድ ቀድሞት፣ ጠቅላላውን ዙር በ8 ሰከንድ አሸነፈ። ውድ ቸርኬ የያዘው ተሸነፈ፤ ያሸነፈው አቀማመጡን ያስተካከለው ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ከኮርቻው ነው። ሰውዬው ሲጎነበስ ጭኑ ሆዱን እንዳይገፋና ትንፋሹ እንዳይታፈን ኮርቻው ጥቂት ወደ ፊት ይገፋል፤ ሲገፋም ወደ ፔዳሉ ያለው ርቀት ስለሚያጥር በዚያው መጠን ከፍ ይላል። ቀጥሎ የክርን መደገፊያዎቹ ይታሰራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት መሪውን በአንድ ቀን እጅግ ዝቅ በማድረጋቸው ነው፤ አሥር ደቂቃ ሳይሄዱ አንገታቸው ዝሎ ቀና ይላሉ፣ ያተረፉትንም ሁሉ ይከስራሉ። በየሳምንቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እያወረዱ፣ ክርኖቹንም በጥቂት በጥቂቱ እያቀራረቡ መሞከር ይበጃል። የተሻለው አቀማመጥ ዝቅተኛው ሳይሆን ተሽቀዳዳሚው እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቅ ሊቆይበት የሚችለው ነው። ራስም ከትከሻ በላይ እንደ ባንዲራ መቆም የለበትም፤ በትከሻዎቹ መካከል ገባ ብሎ ዐይን መንገዱን ብቻ ይይ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ገንዘብ ሳይሆን ትጋት የሚጠይቅ ነው። የሚውለበለብ ሸሚዝ ይጠባል፤ የተወዳዳሪው ቁጥር በጀርባው ላይ ተለጥፎ እንጂ እንደ ከረጢት ተነፍቶ አይሰፋም፤ ካቴናው ይጠረጋል። ጎማ እንደ ድንጋይ እስኪደነድን መንፋትም ጥቅም የለውም፤ ሻካራ አስፋልት ላይ ብስክሌቱ እየዘለለ ጉልበት ያባክናል።

ስለ ቸርኬ ግን በሞያሌ በኩል ጥንቃቄ ያሻል። ጠርዙ ሰፊ የሆነ የፊት ቸርኬ በረጋ አየር ፈጣን ነው፤ ነፋስ በጎን ሲመጣ ግን እንደ ሸራ ይነፋና መሪውን ከእጅ ያስጥላል። ነፋሱ ከግራ ጎን በሚመታበት መንገድ ላይ የተለመደውን የፊት ቸርኬ መያዝ ለነጋዴው ትርፍ ባይሰጥም ለብስክሌተኛው ደኅንነት ነው።

አንድ ሰው ያደረገው ለውጥ መጥቀሙን ለማወቅ የጥናት ቤት መሄድ አያስፈልገውም። አንድ ለስላሳ ቁልቁለት መርጦ፣ ከታወቀ ቦታ ፔዳል ሳይመታ ይልቀቀው፤ ብስክሌቱ የቆመበትን በድንጋይ ምልክት ያድርግ፤ አቀማመጡን ለውጦ ደጋግሞ ይሞክር፤ በደብተርም ይጻፍ። ነፋስ የበረደበትን ሰዓት መምረጥ ግድ ነው። በሌላ አገር ማለዳ ይመረጣል፤ ይህ የቱርካና ነፋስ ግን የሚበረታው ከሌሊት እስከ ማለዳ በመሆኑ፣ ሰዓቱን የአገሩ ሰው ይጠየቅ።

በ2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ፣ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደርጓል። በዚያችው ከተማ በ2010 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት የአፍሪካን ክሮኖሜትር አሸንፎ ነበር። እንግዲህ በየአውራጃው ውድድር ለማቋቋም የሚያስብ ሹም ቢኖር፣ የከተማውን ገንዘብ ለአንድ ውድ ብስክሌት ከማዋል ይልቅ ለሃያ ወጣቶች የክርን መደገፊያ፣ ደኅና ጎማና የራስ ቆብ ቢገዛበት ይሻላል። መስመሩም ሄዶ መመለሻ ይሁን፤ ነፋስ ከኋላ የገፋው ሰው ብቻ እንዳይመሰገን።

ነገር ግን ክርኑን የተደገፈ ሰው እጁ ከፍሬኑ የራቀ ነው። ግመልና ፍየል በሚሻገሩበት፣ ከባድ መኪና በሚመላለስበት መንገድ ላይ ሰዓቱን ከመያዝ በፊት ፖሊስ መንገዱን መዝጋት፣ ለከብት ጠባቂዎቹም ከአንድ ቀን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።