አረንጓዴው ምኑ ነው? የአንድ የባሕር ኤሊ ስም ትርጕምና አጠቃቀም

በምኖርበት ከተማ የስደተኛ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ በሚማሩበት ክፍል አንዲት ተማሪ የባሕር እንስሳት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዛ መጣችና፣ በእንግሊዝኛ «ግሪን ተርትል» የሚባለው እንስሳ በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። ሳላመነታ «አረንጓዴ ኤሊ» አልኋት። ልጅቱ ሥዕሉን አተኵራ አየችና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቡናማ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ቃሉን በቃል ተክቼ ትርጕሙን ግን ጥዬው ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ስም አመጣጥ መመርመርና፣ ከዚያም በመነሣት፣ ከደጋ የበቀለው ቋንቋችን የባሕርን ፍጡር እንዴት ሊሰይም እንደሚገባ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ዘመናቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሊቁ ካርል ሊኔየስ በ1758 የመዘገበውና ዛሬ በሳይንስ ስሙ «ኬሎኒያ ሚዳስ» የሚባለው ይህ እንስሳ፣ ቅርፊቱ ቡናማ ወይም የወይራ ፍሬ መልክ ያለው ነው። አረንጓዴው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስቡ ነው። ካደገ በኋላ በአብዛኛው የባሕር ሣርና አልጌ ስለሚመገብ የምግቡ ቀለም በስቡ ላይ ይታያል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ስብ በዋናተኛም ሆነ በተመልካች ዐይን አይታይም። የሚያየው የሚያርደው ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙን ያወጣው ሰው ቢላዋ የያዘ ሰው ነበር ማለት ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያረጋግጣል። ኮሎምበስ በ1503 ዛሬ ካይማን በሚባሉት ደሴቶች አጠገብ ሲያልፍ ከኤሊዎቹ ብዛት የተነሣ ስፍራውን በኤሊ ስም ጠርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ በካሪቢያን ባሕር የተመላለሱ መርከበኞች ይህን እንስሳ ያለ ምግብ ለሳምንታት በሕይወት የሚቈይ የሥጋ ጎተራ አደረጉት፤ በጀርባው ገልብጠው በመርከብ ላይ ያኖሩት ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት የኤሊ ሾርባ የለንደን ባለጠጎች የክብር ምግብ ሆነ፤ ዋጋውን የማይችሉትም በጥጃ ጭንቅላት የተሠራ አስመሳይ ሾርባ ይሠሩ ጀመር። ጀርመኖች ነገሩን ሳይሸፋፍኑ እንስሳውን እስከ ዛሬ «ዙፐንሽልድክሮተ» ይሉታል። «ሽልድክሮተ» በቁሙ «ባለ ጋሻ ጕርጥ» ማለት ሲሆን፣ ሙሉ ስሙ «የሾርባ ኤሊ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው የስቡን ቀለም፣ ጀርመንኛው ድስቱን መዘገቡ እንጂ የሁለቱም ምንጭ አንድ ማእድ ቤት ነው።

«ተርትል» የሚለው ቃል ራሱ ለተርጓሚ ሌላ ወጥመድ አለው። ከላቲን የመጣው ጥንታዊው «ተርትል» ኤሊ ሳይሆን ዋኖስ የተባለችው ወፍ ነበረች፤ የኤሊው ስም ከፈረንሳይኛው «ቶርቱ» በመርከበኞች አፍ ተለውጦ ከወፏ ስም ጋር የተመሳሰለ ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ ሁለት ወፏን በዚሁ ቃል ይጠራታል። ይህን የማያውቅ ሰው ከእንግሊዝኛ ቢተረጕም በጸደይ ወራት ኤሊ ስታዜም ሊያሰማን ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ አማርኛ በየብስ ለሚኖረውም በባሕር ለሚኖረውም የሚጠቀመው ኤሊ በሚለው አንድ ቃል ነው። ስዋሂሊ የባሕር ዳር ቋንቋ በመሆኑ የየብሱን «ኮቤ»፣ የባሕሩን «ካሳ» ብሎ ይለያል። የእኛ ኤሊ ግን የደጋ መንገደኛ ነው፤ ዘገምተኛን ሰው «እንደ ኤሊ ይጐተታል» ስንል በዐይነ ልቡናችን ያለው እግር ያለው የየብስ ኤሊ ነው። የባሕሩ ኤሊ በእግር ፈንታ መቅዘፊያ ያለው፣ በውኃ ውስጥም ፈጣን ነው። ቃሉን ስናውሰው የማይገባውን ነቀፌታ አብረን እንጭንበታለን።

ይህ ማለት ግን ታሪካችን ከባሕር ኤሊ ጋር ትውውቅ አልነበረውም ማለት አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» አዱሊስ ከዝሆን ጥርስና ከአውራሪስ ቀንድ ጋር የኤሊ ቅርፊት ትሸጥ እንደነበር፣ ቅርፊቱንም ዓሣ በል የተባሉ ሰዎች ከትንንሽ ደሴቶች ያመጡ እንደነበር ይናገራል። ይህ ለጌጥ የሚፈለገው ቅርፊት በዋናው የሌላኛው ዝርያ፣ እንግሊዞች በአፉ ቅርጽ «የጭልፊት አፍ» የሚሉት ኤሊ ነው። ዕቃው በአክሱም ነገሥታት ወደብ አልፏል፤ ስሙ ግን ወደ አማርኛ አልደረሰም።

ታዲያ ምን እንበል? በእኔ አስተያየት ቋንቋችን መሣሪያ አላጣም። «ልበ ሙሉ»፣ «እጀ ሰባራ»፣ «ዐይነ ስውር» የምንልበት የአሰያየም ስልት የአካልን ክፍል ከጠባዩ ጋር ያጣምራል። በዚሁ ስልት ይህን እንስሳ «ስበ አረንጓዴ የባሕር ኤሊ»፣ ያኛውንም «አፈ ጭልፊት የባሕር ኤሊ» ማለት ይቻላል። «አረንጓዴ ኤሊ» ሐሰት ይናገራል፤ «ግሪን ተርትል» ብሎ በፊደላችን መጻፍ ምንም አይናገርም፤ «ስበ አረንጓዴ» ግን አረንጓዴው ምኑ እንደሆነ ገልጦ ስሙ የወጣበትንም ምክንያት ያስታውሳል። እንስሳውን በሥጋው የሚጠራ ስም ማውረስ ተገቢ አይደለም የሚል ቢኖር ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ስም የታሪክ ምስክር ነውና፣ ምስክሩን ዝም ከማሰኘት ቃሉን በትክክል መስማት ይሻላል እላለሁ።

ምስክርነቱም ዛሬ ያስፈልጋል። ስሙን ያወጣው የሾርባ ንግድ ይህን ዝርያ ክፉኛ መንጥሮታል። በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው ስምምነት የባሕር ኤሊዎችን ሁሉ ከዓለም አቀፍ ንግድ እንዲጠበቁ ያደርጋል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለብዙ ዓመታት ለመጥፋት ከሚያሰጋቸው ጋር መድቦት የነበረውን ስበ አረንጓዴ በ2025 ብዙ ወደማያሠጋ ደረጃ አዛውሮታል። ድስቱ ተነሥቶ ስሙ ቀርቷል።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ ከባሕር ተለይታለች። ይሁን እንጂ በምጽዋና በአሰብ ተወልደው ወይም ሠርተው ዛሬ እንደኛ በስደት ያረጁ ወገኖች በየከተማው አሉ። የባሕሩ ሰዎች እነዚህን ፍጥረታት በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋርኛም ሆነ በዐረብኛ ምን ብለው ይጠሯቸው እንደነበር የሚያስታውሱ እነርሱ ናቸው። ከላይ ያቀረብሁት ስም ከጠረጴዛ ላይ የተሠራ ነውና፣ ከባሕር ዳር የመጣ ቃል ቢገኝ የእኔን ለመጣል ዝግጁ ነኝ። አስታዋሾቹ ሳያልፉ እንጠይቃቸው። ለተማሪዬም የቀረብኝን መልስ የምሰጣት ያኔ ነው።