ስለ ኅዳር ጢስና ስለ ወፍ በሽታ

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ በቂርቆስና በካዛንቺስ መንደሮች ቆሻሻ በየደጁ ተከምሮ ሲጤስ ማየት የቆየ ልማድ ነው። የዚህም ምክንያት በ1911 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ ነው። በከተማይቱ ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንዳለቀ፥ ራሳቸውም በጽኑ ታመው እንደ ዳኑ፥ በዚያ ዘመን ራስ ተፈሪ ይባሉ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ገልጠዋል። ካዛንቺስ ግን ያን ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር፤ ስሙም የመጣው ከ1928 ዓመተ ምሕረት ወረራ በኋላ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከታነፁት ቤቶች ነው። እንግዲህ ጢሱ ሰፈሩን በዕድሜ ይበልጠዋል ማለት ነው።

ደጅን መጥረግ መልካም ነው። ነገር ግን ያን በሽታ ያመጣው ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በትንፋሽና በሳል ነውና በጢስ አይባረርም። ሊቃውንትም ከታመመ ሰው ለይተው ያወጡት በ1925 ዓመተ ምሕረት ስለ ሆነ፥ አባቶቻችን የማይታየውን ጠላት ባለማወቃቸው ሊወቀሱ አይገባም። ዛሬ ፕላስቲክ እየለኮሰ የጎረቤቱን ሳንባ የሚያቃጥለው ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

ቫይረሶች እንደ ሰው በየወገናቸው የተከፈሉ ናቸው። በ1968 ዓመተ ምሕረት ከአገራችን የጠፋው ፈንጣጣ የፖክስ ወገን ነበረ፤ ኩፍኝ የፓራሚክሶ፥ የእብድ ውሻ በሽታ የራብዶ፥ ኤችአይቪ የሬትሮ፥ በ2012 የገባውም ኮቪድ የኮሮና ወገን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የወፍ በሽታ የተባለው ነው። የሌሊት ወፍ አመጣችው እየተባለ ያለ በደሏ ስትከሰስ ኖራለች። ዓይንን ብጫ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ የጉበት መጎዳት ነው፤ ጉበትንም የሚጎዱት ቫይረሶች ወገናቸው ልዩ ልዩ ነው። ሄፓታይተስ ኤ የፖሊዮ ዘመድ ሲሆን እንደ እርሱ በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባል። ሄፓታይተስ ቢ ሄፓድና ከሚባለው ወገን ነው፤ በደም፥ በሩካቤ፥ በወሊድም ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሄፓታይተስ ሲ በደም የሚተላለፍ ሆኖ ወገኑ ፍላቪ ይባላል። ከዚሁ ወገን የሆነው ብጫ ወባ ደግሞ በትንኝ ይመጣል፤ ከ1953 እስከ 1955 ዓመተ ምሕረት በኦሞ ሸለቆ 30,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ስለዚህ መልካቸው ቢመሳሰል ወገናቸው ይለያል፤ ወገናቸው አንድ ቢሆንም መንገዳቸው ይለያያል።

እኛ ግን አንድ ስም ስለ ሰጠናቸው አንድ መድኃኒት እንፈልግላቸዋለን። ገላን በምላጭ የሚበጣ ባለ መድኃኒት ያንኑ ምላጭ ለሌላ ሰው ቢደግመው፥ አድናለሁ ሲል ቢን ወይም ሲን ያዛምታል። ለሲ ክትባት ባይኖረውም በሦስት ወር ገደማ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ለቢ ግን ክትባት አለው፤ በአገራችን ለሕፃናት ሁሉ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ አስቀድሞ የተወለድነው፥ ሹሙም ካህኑም፥ አብዛኞቻችን ሳንከተብ ቀርተናል። ቢም ዓይንን ብጫ ሳያደርግ ብዙ ዓመት በጉበት ተሸሽጎ ይኖራልና፥ ያለው ሰው መኖሩን የሚያውቀው በደም ምርመራ ነው።